ጃኬቱን ያስቀረችው አንዲት ዚፕ

ትርሲት ዘሐዋሳ | ክሩን የከፈተች

ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን ዕቃ ለምን እንደሚዘገይ ስትከራከሩ እያነበብኩ ነበር። ወደብ አላችሁ። ዶላር አላችሁ። ቀይ ባሕር አላችሁ። ትራንዚተሩንማ አልማራችሁትም። ሁሉም እውነት ነው። ግን አንድ ሰው ስሙ ሳይነሳ አመለጠ። ዕቃውን ቁጭ ብሎ የሳለው ዲዛይነር።

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሜርቻንዳይዘር ሆኜ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ለማታውቁት፣ ሜርቻንዳይዘር ማለት በባየሩ (ልብሱን በሚያዘው የውጭ ገዢ) እና በፋብሪካው መሀል ቆሞ ከሁለቱም ወገን የሚሰደብ ሰው ነው።

አንድ ጊዜ የልጆች ጃኬት ትእዛዝ መጣልን። መድረሻው አውሮፓ፣ ብዛቱ 38 ሺህ። ጨርቁ የለመድነው ነው፣ ስፌቱም ከባድ አይደለም። ደስ ብሎኝ ቴክ ፓኩን (የልብሱን ሥዕልና ዝርዝር መመሪያ) እየገለጥኩ ዚፑ ጋ ስደርስ ሆዴን ባር ባር አለኝ።

ዚፑ ልክ እንደ ጨርቁ ቀለም እንዲነከር ታዟል። የሚጎተተው ብረት ደግሞ የብራንዱን ምልክት ቅርጽ መያዝ አለበት። ያንን ቅርጽ የሚያወጣው ሞልድ ያለው አንድ ፋብሪካ ጋ ብቻ ነው። ፋብሪካውን የመረጠው ባየሩ ራሱ ነው። ከሌላ መግዛት ክልክል።

አሁን እንቁጠር። ጃኬቱ 4 ቀለም አለው። 6 ሳይዝ አለው። የዚፕ ርዝመት በሳይዝ ይለያያል። ዲዛይነሩ የሳለው አንድ ጃኬት ነው፤ እኔ ጋ ሲደርስ 24 ዓይነት ዚፕ ሆነ። ነካሪው ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀለም ከዚህ በታች አልነክርም የሚለው መጠን አለው።

የቀለም ናሙናው ሁለት ጊዜ ወደቀ። አረንጓዴው "ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል" ተባልን። ይዤው መስኮት ጋ ሄድኩ። ከጨርቁ ጋር አስጠግቼ አየሁት። ምንም አልታየኝም። ባየሩ ግን የሚያየው ቀለም መመርመሪያ መብራት ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ነው። እዚያ ውስጥ ሁሉም ነገር ጥፋተኛ ነው።

በመጨረሻ 23ቱ ደረሱ። የአረንጓዴው፣ የ8 ዓመት ልጅ ሳይዝ ብቻ ቀረ። አንድ ሳይዝ ቢቀር ምን አለበት ትሉ ይሆናል። ካርቶኑ አሶርትመንት ነው። እያንዳንዱ ካርቶን ውስጥ ከሁሉም ቀለምና ሳይዝ ተቆጥሮ ይገባል፤ ሱቁ ከፍቶ እንዳለ እንዲሰቅለው። አንዱ ከጎደለ ካርቶኑ አይታሸግም። ስለዚህ ያለቀው ጃኬት ሁሉ ፊኒሺንግ ክፍሉን ሞልቶ፣ ኮሪደሩን ይዞ፣ አንዲት ዚፕ ጠበቀ። ሠራተኞቹ በክምሩ መሀል በጎን እየሾለኩ ነበር የሚያልፉት።

መጨረሻው በአየር ሆነ። ወጪው በእኛ። የመርከብ ሂሳብ አስቦ ዋጋ የሰጠ ፋብሪካ በአውሮፕላን ሲልክ ትርፉ ቦሌ ላይ ያልቃል።

በቀጣዩ ዓመት ያው ጃኬት ተመልሶ መጣ። ዚፑ ጥቁር፣ ቁጥር 5 የሚባለው የተለመደ መጠን፣ የትም የሚገኝ። መጎተቻው ከራሱ ከጨርቁ የተቆረጠች ጥብጣብ። 24 የነበረው 6 ሆነ። ከአምስት ቦታ ዋጋ ጠየቅኩ፣ አማረጥኩ። ጃኬቱም ተሸጠ። ስለ ዚፑ ቅር ያለው ልጅም እናትም አልሰማሁም።

እናንተስ? ሥዕል ላይ ያለች አንዲት ነገር እንዲህ ያሰቃየችው አለ?


የዴይራ ነጋዴ | ዱባይ

እህት ትርሲት፣ አጻጻፍሽ ያስቃል፣ ነገርየው ያሳዝናል። ግን ዚፕን ከቀይ ባሕር እኩል ማድረግ ትንሽ በዛ።

ኤቨር ጊቭን የሚባለው መርከብ በማርች 2021 ስዊዝ ካናል ላይ ተጋድሞ ስድስት ቀን ሲዘጋው ኮንቴይነሬ ከኋላው ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እዚህ ለምዶብኝ ነው።) 400 ሜትር የሚረዝም መርከብ! ከኋላው የተሰለፈው ዕቃ ቆንጆም ይሁን ፉንጋ እኩል ቆመ። ከኖቬምበር 2023 ወዲህ ደግሞ የየመን ሁቲዎች መርከብ ማጥቃት ሲጀምሩ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች አፍሪካን በደቡብ በኩል መዞር ያዙ። ከእስያ አውሮፓ በሚሄድ ዕቃ ላይ አሥር ቀን፣ ሁለት ሳምንት ተጨመረ።

ለዚህ ዲዛይነሩ ምን ያድርግ? መርከቡን ይሳልለት?


ሞባይል ጠጋኝ | አዲስ አበባ

የዴይራው ወንድሜ፣ አንድ መብረቅ ሁለት ሰው መትቶ አንዱ ብቻ ሲወድቅ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አንብቤአለሁ።

ማርች 17 ቀን 2000፣ ዓርብ ማታ። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አልበከርኪ የምትባል ከተማ ላይ መብረቅ የኤሌክትሪክ መስመር መታ። መብራቱ ሲዋዥቅ የፊሊፕስ ቺፕ ፋብሪካ ውስጥ እሳት ተነሳ። አሥር ደቂቃ ገደማ ነው የቆየው። ማንም አልሞተም። ጋዜጣ ላይ እንኳን የሚወጣ አይመስልም። ግን ቺፕ የሚሠራበት ክፍል ከኦፕራሲዮን ክፍል በብዙ እጥፍ ንጹሕ መሆን አለበት። ጭሱና ውኃው ገባበት። ሥራ ላይ የነበረው ቺፕ ተበላሸ። ክፍሉን አጽድቶ ወደ ድሮው ምርት መመለስ ደግሞ የቀናት ሥራ አልነበረም።

የፋብሪካው ትልልቅ ደንበኞች ሁለት የሞባይል አምራቾች ነበሩ፤ ኖኪያና ኤሪክሰን። ለሁለቱም መጀመሪያ የተነገራቸው "የሳምንት ነገር ነው" ተብሎ ነው። ኤሪክሰን አምኖ ተቀመጠ። ኖኪያ ግን ጠዋት ማታ እየደወለ ነዘነዘ። ነገሩ የወራት መሆኑ ሲገባው መሐንዲሶቹን ሰበሰበ። ዲዛይን የሚገባው እዚህ ጋ ነው። የተወሰኑትን ቺፖች ሥዕላቸውን ነካ ነካ አድርገው ሌላ አምራች እንዲያወጣቸው አደረጉ። ኤሪክሰን ግን ወጪ ለመቀነስ ብሎ ቀድሞውኑ ተለዋጭ አቅራቢዎቹን አስወጥቶ ነበር። ለዚያ ቺፕ ሁለተኛ በር አልነበረውም። ያጣው ሽያጭ 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው ተባለ። በ2001 የሞባይል ሥራውን ከሶኒ ጋር አዋሐደ። በዚያ እሳት ብቻ ነው አልልም፤ ሌላም ጣጣ ነበረበት።

እና መብረቁን ዲዛይነር አያቆመውም። መብረቁ ሲመታ የሚሮጥበት በር እንዲኖር ግን ቀድሞ ይስላል።


ትርሲት ዘሐዋሳ

ጠጋኙ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የዴይራ ወንድሜ፣ እውነት አለህ፣ መንገዱ ለሁሉም እኩል ይዘጋል። ጉዳቱ ግን እኩል አይደለም። ነጭ ካናቴራ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ነጭ ካናቴራ ነው። የፈረንጅ ገና ሥዕል የታተመበት ካናቴራ በጃንዋሪ ሲደርስ ግን መወልወያ ነው።

ከድሮዎቹ የምወደው የጣልያኑን የልብስ ድርጅት ቤኔቶንን ነው። ሹራብ ሲሠራ ልማዱ መጀመሪያ ክሩን ነክሮ ከዚያ መሥራት ነበር። ታዲያ የዓመቱ ቀለም ምን እንደሚሆን ከብዙ ወር በፊት መገመት አለብህ። ቀይ ሠርተህ ሰዉ ሰማያዊ ካለ አለቀልህ። እነሱ ቅደም ተከተሉን ገለበጡት። ሹራቡን ሳይነክሩ ሠርተው አስቀመጡ። ሱቆቹ የሚፈለገውን ቀለም ሲነግሯቸው ያለቀውን ሹራብ ነከሩት። ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ነካሪውን ጠርቶ "ፍጠን" በማለት ብቻ አይሆንም። ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ሲነከር የማይኮማተር፣ ስፌቱ ላይ ቀለም የማይዘልል ሹራብ መጀመሪያውኑ መሳል አለበት።


የጆርጂያው | አትላንታ

እኔ አትላንታ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ኮንቴይነር አራግፋለሁ። ዲዛይን የሚባለውን በወገቤ ነው የማውቀው።

አንድ የመስታወት ሻማ ማስቀመጫ ነበር። ውብ ነው፣ አልዋሽም። እግሩ ሰፋ ያለ ነው። እግሩ ስለሰፋ ሣጥኑ ሰፋ። ሣጥኑ ስለሰፋ ካርቶኑ ከፓሌቱ (ዕቃ ከሚደረደርበት የእንጨት መደብ) ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ወጣ። ያቺ ሁለት ጣት ናት ጣጣው። ፎርክሊፍት የሚነካት እሷን ነው። የጎረቤት ፓሌት የሚገጫት እሷን ነው። ኮንቴይነሩን ስከፍት መጀመሪያ የምሰማው ድምፁን ነበር፣ ሽርርር የሚል። አለቃችን "ቻይናዎቹ አስተሻሸጋቸው!" ይላል። የምን አስተሻሸግ? እግሩን ሁለት ጣት ያጠበው ሰው ቢኖር ያ ሁሉ አይሰበርም ነበር።

ካርቶን ውስጥ የምናመላልሰው ግማሹ አየር ነው። ይሄን ቀድሞ የገባው የስዊድኑ የቤት ዕቃ ድርጅት አይኪያ ነው። ባንግ የሚባል ኩባያ ነበራቸው። በመጀመሪያ ቅርጹ አንድ ፓሌት ላይ 864 ይጫን ነበር። አሻሽለው 1,280 አደረሱት። ቁመቱን ዝቅ፣ እጀታውን ለውጥ አድርገው ደግሞ ሲስሉት 2,024 ገባ። ያው ኩባያ ነው፣ ያው ቡና ይጠጣበታል። መኪናው ግን ከግማሽ በታች ሆነ። መኪና ሲቀንስ ሊዘገይ፣ ሊሰበር፣ ሊጠፋ የሚችለውም አብሮ ይቀንሳል።

ግን አይኪያን ብቻ አላሞግስም። ማልም የሚባለው ኮመዲኖአቸው ቀላል ነው፣ ተፈታቶ ጠፍጣፋ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ለኛ ለጫኞች ጸጋ ነው። ከግድግዳ ጋር ካልታሰረ ግን ልጅ መሳቢያው ላይ ሲንጠላጠል ይወድቃል። ልጆች ሞተዋል። በጁን 2016 እዚህ አሜሪካ ማልምን ጨምሮ 29 ሚሊዮን ገደማ ባለ መሳቢያ ኮመዲኖ እንዲመለስ ታወጀ። አንዲት ማሠሪያ ብሎን ላይ የተንጠለጠለ ዲዛይን። ሰዉ ደግሞ፣ ያው ተከራይ ነው፣ ግድግዳ መብሳት አይወድም። እኔም አልበሳሁም ነበር። ዜናውን የሰማሁ ቀን ማታ በሳሁ።


ዲዛይን ተማሪ | ባሕር ዳር

ሰላም። እኔ እዚህ ባሕር ዳር ፋሽን ዲዛይን እማራለሁ። ክሩን ሳነብ ትንሽ ከፋኝ።

ሁሉም ነገር ጥቁር ቁጥር 5 ዚፕ ከሆነ እኛ ምን እንሠራለን? ዩኒፎርም? የመመረቂያ ሥራዬ ቦቲ ጫማ ነው። ዚፑ ከቁርጭምጭሚት ተነስቶ ወደ ጎን ተጠማዞ የሚወጣ፣ ቀለሙ ብርቱካናማ። ዚፑ ነው ጫማው! እሱን አውጥቼ ጥቁር ባደርገው ከመርካቶ ጫማ በምን ይለያል?


ሸራ ተራ | መርካቶ

ልጄ፣ የመርካቶ ጫማ ያልከውን ሰምተናል። ግድ የለም።

እኔ ሸራ ተራ ጫማ ስሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ያንተን ጥያቄ እኔም ጠይቄው አውቃለሁ፣ የከፈልኩበት ግን በገንዘብ ነው።

አንድ ዓመት አንድ ሶል በጣም ተወደደ። ወፈር ያለ፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ፣ ከቻይና የሚመጣ። ሰዉ ሁሉ እሱን አለ። እኔም ተሽቀዳድሜ ለዚያ ሶል ብቻ የሚሆን ፎርማ (ጫማው የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ) አሠራሁ። ከ39 እስከ 44፣ ሙሉ ስብስብ። ፎርማ ርካሽ አይደለም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለት ወር ሸጥኩ። ከዚያ ሶል አምጪው ዶላር አጣ። ሶሉ ቀረ። ቆዳው አለኝ፣ ገበሩ አለኝ፣ ማስቲሹ አለኝ፣ ሠራተኛው ቁጭ ብሎ ያየኛል። ፎርማው ሌላ ሶል ላይ አይቀመጥም። አፍንጫው እንቢ አለ። ዛሬም እዚያ መደርደሪያ ላይ አለ፤ አቧራ ጠጥቶ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው እንዲህ ነው። ሶሉ የትም የሚገኝ ተራ ሶል ይሁን። ፎርማው ቢያንስ የሁለት አምጪ ሶል የሚቀበል ይሁን። ጌጡን ላዩ ላይ አደርገዋለሁ። ቆዳው፣ አቆራረጡ፣ ስፌቱ፣ ማሠሪያው። በአንድ ሶል ስድስት ዓይነት ጫማ አወጣለሁ፣ ገዢው ስድስቱም አንድ ሶል መሆናቸውን አያውቅም። ላዩ በእጄ ነው። የሐበሻ ቆዳ ነው፣ መርፌው የእኔ ነው። ዶላር ቢጠፋም ላዩን መቀያየር እችላለሁ።

አንተ ግን ጌጥህን ሁሉ የሰቀልከው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ላይ ነው። ዚፑ ይቅር አላልኩህም። ጥምዝምዙ የቆዳው አቆራረጥ ይሁን፣ ብርቱካናማው የቆዳው ጠርዝ ይሁን፣ ዚፑ እዚያ ውስጥ ተራ ዚፕ ሆኖ ይግባ።


ዲዛይን ተማሪ

ጋሼ ይቅርታ፣ የመርካቶ ያልኩት ለንቀት አልነበረም። ያሉትን ማታ ቁጭ ብዬ ሞከርኩት። በቆዳ ጠርዝ ሲሆን ጥምዝምዙ እንዲያውም ይወፍራል፣ ጎልቶ ይታያል። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ስድስት ጫማ አንድ ሶል ላይ ከሆነ፣ ሶሉ ሲሰነጠቅ ስድስቱም አይሞቱም?


ሞባይል ጠጋኝ

ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው። ጥያቄው የኔ ስለሆነ ልግባበት።

ቢ ኤል 5 ሲን የሚያስታውስ አለ? የኖኪያ ባትሪ። ሱቅ ስከፍት መሳቢያዬ ውስጥ እሱ ካለ ሌላ ባትሪ አያስፈልገኝም ነበር። ለብዙ ሞዴል ይሆናል። ደንበኛው ራሱ በጥፍሩ ከፍቶ ይቀይራል። ልጁ ያለው አደጋ ግን ደረሰ። በኦገስት 2007 ኖኪያ 46 ሚሊዮን ቢ ኤል 5 ሲ ሲሞላ ከመጠን በላይ ሊግል ይችላል ብሎ አስጠነቀቀ። 46 ሚሊዮን! አንድ ባትሪ ለሁሉም ማለት ይሄ ነው።

እና ምን ሆነ? ያን ያህል ምንም። ባትሪውን የሚያመርቱት ብዙ ነበሩ፣ ችግሩ የአንዱ አምራች የማትሱሺታ፣ ያውም የተወሰነ ጊዜ ምርት ነው። ባለ ስልኩ ጀርባውን ከፍቶ ቁጥሩን አየ። የእሱ ከሆነ ባትሪውን ብቻ ቀየሩለት። ስልኩ እጁ ላይ ቀረ።

አሁን 2016ን እዩ። ሳምሰንግ ኖት 7። ባትሪው ውስጥ ተጣብቆ ታሽጓል። መጋል፣ መቀጣጠል ሲጀምር 2.5 ሚሊዮን ስልክ ሙሉ በሙሉ መመለስ ነበረበት፣ ባትሪው ብቻ አይወጣማ። ተለዋጭ ብለው የሰጡትም ተቃጠለ። አውሮፕላን ላይ ተከለከለ። በኦክቶበር ምርቱ ጭራሹኑ ቆመ። የሚገርመው ባትሪው የሁለት አምራች ነበር። የአንዱም የሌላውም፣ በየራሱ ምክንያት ተበላሸ። ስለዚህ ሁለት በር ብቻውን አያድንም፣ በሩ ከውጭ የሚከፈት መሆን አለበት።

እኔ ጋ ዛሬ የሚመጣው ስልክ ሁሉ የተጣበቀ ነው። በማሞቂያ አለስልሼ፣ በቀጭን ካርድ ፈልቅቄ አወጣለሁ። ለአንዱ ሞዴል የሚሆነው ለታናሽ ወንድሙ አይሆንም። መሳቢያዬ አሁን ሃያ ዓይነት ባትሪ አለው፣ ደንበኛ የሚፈልገው ግን ሁልጊዜ ሃያ አንደኛውን ነው።


ሸራ ተራ

ጠጋኙ ጨረሰልኝ። ሶሉን ከሁለት ሰው የምገዛው ለዚሁ ነው ልጄ። ደግሞ ሶል በማስቲሽ ብቻ ከሆነ ይነቀላል፣ ከተሰፋ ግን ተፈቶ ይቀየራል። ተሰንጥቆ የመጣብኝን ሶል ቀይሬ መልሻለሁ፣ ላዩን አልጣልኩም።


የዴይራ ነጋዴ

እሺ፣ በመንገዱ ተሸነፍኩ፣ በባትሪውም ተሸነፍኩ። ቀረጥስ? ቀረጥ የመንግሥት ነው። እህት ትርሲት፣ አገራችን ከአጎዋ (ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል) ስትወጣ ሐዋሳ ላይ የሆነውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። እሱንም ዲዛይነር ነው ልትይኝ ነው?


ትርሲት ዘሐዋሳ

አይ፣ መውጣቱ የፖለቲካ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ሥራ ላይ ዋለ። እሱን ቀን አልረሳውም። ጉዳቱ የትኛው ልብስ ላይ እንደሚበረታ ግን ጨርቁ ሲመረጥ ተወስኗል።

በአጎዋ ጊዜ ከጥጥም ሆነ ከፖሊስተር ብትሠራ አሜሪካ ስትገባ ቀረጥ ዜሮ ነበር። ስለዚህ ማንም ግድ አልነበረው። ስንወጣ ወደ መደበኛው ሠንጠረዥ ወደቅን። እዚያ ላይ የጥጥ ሹራብ መደበኛ ቀረጡ 16.5 ከመቶ ነው። ያው ሹራብ፣ ያው ቅርጽ፣ ክሩ ፖሊስተር ከሆነ 32 ከመቶ። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ድብልቅ ከሆነ ደግሞ በክብደት የሚበልጠው ክር ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ 55 ጥጥ 45 ፖሊስተር በሆነና 45 ጥጥ 55 ፖሊስተር በሆነ ሹራብ መሀል፣ ለባሹ በማይለየው ልዩነት፣ የቀረጡ ቁጥር ይዘላል። ያንን ቁጥር ቴክ ፓኩ ላይ የጻፈው ማነው? ጉምሩክ አይደለም።

ኮንቨርስ ጫማ ያላችሁ ሶሉን ገልብጡና እዩ። አዲስ ከሆነ አንዳንዱ ላይ የሆነች ስስ ፀጉራም ነገር ተለጥፋበታለች። እሷ እንዳያንሸራትት ተብላ አይደለችም። መሬት የሚነካው ፊት በአብዛኛው ጨርቅ ከሆነ የአሜሪካ ጉምሩክ ጫማውን ዝቅተኛ ቀረጥ ያለበት መደብ ውስጥ ያስገባዋል። ሁለት ቀን ስትራመድበት ትጠፋለች፣ ሥራዋን ግን ወደብ ላይ ጨርሳለች።


ዲዛይን ተማሪ

እህቴ፣ አሁን የጓደኛዬን ጫማ ገልብጬ አየሁ። እውነትም ጠርዙ ላይ ቀርታለች! ዶርም ውስጥ ሁሉም ጫማውን እየገለበጠ ነው።


የጆርጂያው

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ሺፍቴ ልሂድ። ትርሲት ያለችው "ስሙ ሳይነሳ አመለጠ" የሚለው ከልቤ አልወጣም።

2007 ላይ የአሜሪካውን የማቴልን አሻንጉሊቶች ታስታውሳላችሁ? ያ ሁሉ ጩኸት "ቻይና እርሳስ (መርዛማው ብረት) ያለበት ቀለም ቀባች" የሚል ነበር። እርሳሱም ነበር፣ አልክድም። ግን በኦገስት ከተመለሱት ውስጥ ትልቁ ክፍል፣ ወደ 18 ሚሊዮን ገደማ፣ የተመለሰው በማግኔት ነው። ትንንሽ ጠንካራ ማግኔቶች ከአሻንጉሊቱ ይወልቃሉ። ልጅ ሁለቱን ከዋጠ አንጀቱ ውስጥ ይሳሳባሉ። ፋብሪካው እንደተሳለው ነው የሠራው፣ ሥዕሉ ነው የተሳሳተው። በሴፕቴምበር የማቴል ኃላፊ ቤጂንግ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ፤ አብዛኛው የእኛ የዲዛይን ስህተት ነው ብሎ። ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ግን ዛሬም የሚያስታውሰው "የቻይና ቀለም" የሚለውን ነው።

ትርሲት፣ አንቺንስ ባየሩ ይቅርታ ጠይቆሽ ያውቃል?


ትርሲት ዘሐዋሳ

ስለ ዚፑ አንድ ገጽ ሙሉ ኢሜል ጽፌለት ነበር። 24ቱን ቆጥሬ፣ የኮሪደሩን ክምር ፎቶ አያይዤ። መልሱ አንዲት ቃል ናት። "ኖትድ።" (ተመዝግቧል ማለት ነው።)

ግን በቀጣዩ ዓመት ዚፑ ጥቁር ሆኖ መጣ አይደል? እኔ እሷን እንደ ይቅርታ ነው የወሰድኳት።


የዴይራ ነጋዴ

ኖትድ 😂 እኔ ከአንቺ ጋር ድጋሚ አልከራከርም። ይልቅ እዚህ ዴይራ ዚፕ በጅምላ የሚሸጡ ሰዎች አውቃለሁ። ተማሪው ብርቱካናማውን ለናሙና ብቻ ከፈለገ አንድ ሁለት ሜትር በሰው እልክለታለሁ። ለናሙና ብቻ ነው እንግዲህ፣ ትእዛዝ ሲመጣብህ ሸራ ተራ የነገሩህን አድርግ።


ዲዛይን ተማሪ

ወንድሜ በጣም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ አዲስ አበባ ለእረፍት ስመጣ ፎርማዎቹን ላይ እችላለሁ? ያንን አቧራ የጠጣውንም ጭምር።


ሸራ ተራ

ና። ቅዳሜ ከሰዓት ይሻላል፣ ጠዋት ቆራጮቹ ቆዳ ዘርግተው መቆሚያ የለም። የቦቲውን ሥዕል ይዘህ ና። እታች በኩል አክሰሰሪ የሚሸጡ አሉ። ዚፑን ስንት ሱቅ እንደምናገኘው አብረን ዞረን እንጠይቃለን። ከሁለት በታች ከሆነ ሥዕሉን እዚያው ቆመን እናስተካክለዋለን፣ እርሳስ አለኝ።